«ቤትሽ የተዘረፈ ይመስላል» አሉኝ አማቴ

ጥያቄ፦
«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ባለቤቴ፣ የአምስት ዓመት ልጃችንና እኔ ነን ያለነው። ሳሎናችን ከተጋባን ጀምሮ እንደታጨቀ ነው። ትልቅ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ ግድግዳ የሚያክል ቡፌ፣ ድርብ መጋረጃ፣ የቀረው ግድግዳ ሁሉ ስፌት። ቲክቶክ ላይ ሚኒማሊስት የሚባለውን ቤት ካየሁ ወዲህ ዓይኔ ከዚያ አልነቀል አለ። ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ግራጫ ሶፋ፣ አንድ ተክል፣ በቃ። በቀደም ባለቤቴ ለሥራ ጅቡቲ ሲሄድ ተነሳሁና አማቴ ከሐረር ያመጡልንን ስፌቶች አውርጄ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር አስገባኋቸው። መጋረጃውንም አወረድኩት። በሳምንቱ አማቴ መጡ። ዙሪያውን አዩና ‹ቤትሽ የተዘረፈ ይመስላል› አሉኝ። ቡና እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ሶፋውን ልሽጠው ስል ደግሞ ባለቤቴ ‹አቦ ተይ! ጓደኞቼ የት ሊቀመጡ ነው?› ይለኛል። የሚገርመው ቤቱ ባዶ ሆኖም ደስ አላለኝም። ይሞቃል፣ ድምፅ ያስተጋባል፣ የልጁ ዕቃ ወለሉን እንደገና ሞላው። ምን ላድርግ? ሶፋውን ሽጬ ግራጫውን ልግዛ? የመታጠቢያውንስ ቧንቧ በጥቁሩ ልቀይረው?»
ግራ የገባኝ፣ ከሳቢያን

መልስ፦
እህቴ፣ ከሶፋውም ከቧንቧውም በፊት ያ ማዳበሪያ ያሳስበኛል። ስፌቶቹን ዛሬውኑ አውጪያቸው። የድሬ ሙቀት ባለበት፣ አየር በማያገኝ ማዳበሪያ ውስጥ ተደራርበው ከቆዩ ቅርጻቸው ይጣመማል፣ ነፍሳትም ይገባባቸዋል። አንዱን አንሺና ገልብጠሽ ጀርባውን እዪው። ከመሃል አንዲት ትንሽ ክብ ተነስታ ዙሪያዋን እየተጠመጠመች ነው የሰፋችው። እያንዳንዱ ዙር ከበፊቱ ዙር ጋር በወስፌ ተወግቶ ተሰፍቷል። አለላው ቀለም የቀየረበት ቦታ ላይ ሰፊዋ ቆጥራ ነው የቀየረችው፤ አንድ ብትሳሳት ጥለቱ ሁሉ ይዛነፋል። ትልቁን ለመጨረስ ወራት ይወስዳል። አማትሽ ያጡት የግድግዳ ጌጥ ብቻ አይመስለኝም። ልጃቸው ቤት ውስጥ የእሳቸው እጅ ያረፈበት ነገር ድንገት አንድም አልቀረም። «የተዘረፈ ይመስላል» ሲሉሽ እንደ ስድብ አትውሰጂው። ያዩትን ነው የተናገሩት።

ሌላም አለ። ይህን ሁሉ ያደረግሽው ባለቤትሽ በሌለበት ነው። እሱ ከጅቡቲ ሲመለስ የገዛ ሳሎኑ ተለውጦ ጠበቀው። «አቦ ተይ» ያለሽ ለሶፋው ብሎ ብቻ እንዳይሆን። ከዚህ በኋላ ከቤቱ አንድ ነገር ሲወጣ ሁለታችሁም ባላችሁበት ይውጣ። ነገሩ ይዘገይ ይሆናል፣ ግን ይጸናል።

ፍላጎትሽ ግን ትክክል ነው። ሥራ ውለሽ፣ ፀሐይ ልብሽን አጥፍቶት በር ስትከፍቺ ዓይንሽ የሚያርፍበት ቦታ መፈለግሽ ቅንጦት አይደለም። አቧራ በሚበዛበት ከተማ እያንዳንዱ ተጨማሪ ዕቃ ተጨማሪ መወልወል ነው፤ በአብዛኛው ቤት ደግሞ ወልዋይዋ ሴቷ ናት። ስለዚህ ዕቃ መቀነስን እደግፋለሁ። የማልስማማው ከመረጥሽው ፎቶ ጋር ነው።

እነዚያ ፎቶዎች በብዛት የሚመጡት ብርሃን ከሚናፈቅባቸው ቀዝቃዛ አገሮች ነው። እዚያ መስኮቱን ባዶ ያደርጉታል፣ ግድግዳውን ነጭ ይቀቡታል፤ ያለችውን ጥቂት ፀሐይ ወደ ቤት ለማስገባት ነው። እኛ ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ያለው ጭንቀታችን ፀሐይዋን ማስወጣት ነው። መጋረጃሽን አውርደሽ ቤቱ ሞቀብኝ ማለትሽ አልገረመኝም። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከገባ በኋላ ከዚራ ሰፈር ላይ የተሠሩትን የድሮ ቤቶች እያቸው። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ በረንዳ፣ የእንጨት መስኮት፣ ከፊት ለፊት ዛፍ። ሁሉም ለጥላ የታሰበ ነው።

ቲክቶክ ላይ ላየሽው ለሚኒማሊስቱ ስልት ከሚጠቀሱት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ጀርመናዊው አርክቴክት ሚስ ቫን ደር ሮኸ እ.ኤ.አ. በ1929 ባርሴሎና ላይ የሠራው የጀርመን ድንኳን ነው። ድንኳን ይባል እንጂ ብረት፣ መስታወትና እብነ በረድ ነው። የተሠራው ለዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ እንግዳ ለመቀበያ ነበር። አልጋ የለውም። ማጀት የለውም። ልጅ አላደገበትም። በዓመቱም ፈረሰ፤ አሁን ያለው በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። ያም ሆኖ ውስጡ ነጭና ግራጫ ብቻ አልነበረም። ደማቅ ቀይ መጋረጃ ተሰቅሎበት ነበር፤ መሃሉ ላይ ወርቅማ ቀለም ያለው፣ መስመር የበዛበት የኦኒክስ ድንጋይ ግድግዳ ቆሞበታል። ሰውየው ሌላውን ሁሉ ጸጥ ያሰኘው ያ አንድ ግድግዳ እንዲታይ ነው። ከቲክቶኩ ቤት ይልቅ ይህን ያዢልኝ፤ ላንቺ ሳሎን የሚጠቅመው ይሄ ነው።

ይህን ለማየት ደግሞ ባርሴሎና መሄድ የለብሽም። ሐረር ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በግንብ ወደታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ግቢና አንድ የድሮ የሐረሪ ቤት እዪ። በእንግዳ ማረፊያነት የሚያገለግሉ አሉ፤ በጨዋ ደንብ ከጠየቅሽ ያሳዩሻል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከግንቡና ከመስጊዶቹ ጋር እነዚህ ቤቶችም ታስበው ነው። ስትገቢ ወለሉን ተመልከቺ። ሶፋ የለም፣ ወንበር የለም፣ መሃል ላይ የሚያደናቅፍሽ ጠረጴዛ የለም። መቀመጫው ከቤቱ ጋር አብሮ የተገነባ ደረጃ ደረጃ መደብ ነው፤ ነደባ ይሉታል። ምንጣፍና ትራስ ይነጠፍበታል፣ ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ይቀመጥበታል፣ ሲመሽም ይተኛበታል። ዕቃ የሚቀመጥበት መስኮት መሰል ጎድጓዳ ግድግዳው ውስጥ ተቆፍሯል። ቀና ስትዪ ደግሞ ግድግዳው በስፌትና በሰሃን ደምቋል። የተዝረከረከ ግን አይመስልም። ሁሉም በመጠን በመጠን፣ በሥርዓት ተሰቅሏል፤ ወለሉ ባዶ ስለሆነም ግድግዳው አያስጨንቅሽም። አማትሽ የለመዱት ቤት ይህ ነው። አንቺ ወለሉን እንደታጨቀ ትተሽ ግድግዳውን አራቆትሽው፤ በእኔ ዓይን የተገላቢጦሽ ሥራ ነው የሠራሽው።

ስለዚህ ከወለሉ እንጀምር። አንድ ቅዳሜ ባለቤትሽም ባለበት ከሳሎኑ ወለል ላይ የሚነሳውን ሁሉ ወደ መኝታ ቤት አውጡት። ትንሿን ጠረጴዛ፣ የጫማ መደርደሪያውን፣ የፕላስቲክ ወንበሩን፣ የልጁን ዕቃ፣ የተበላሸውን ፋን። ሶፋና ቡፌው ባሉበት ይቆዩ። ከዚያ ሳምንቱን እንዲሁ ኑሩ። የፈለጋችሁትን ዕቃ በፈለጋችሁበት ቀን መልሱት። ረከቦቱ በዚያው ቀን እንደሚመለስ እርግጠኛ ነኝ፣ ይመለስም። በየቀኑ የሚነካ ዕቃ ሳሎን ውስጥ ቦታ አለው። በሳምንቱ መጨረሻ መኝታ ቤት የቀረውን ደግሞ ለሚያስፈልገው ስጡት፣ ሽጡት፣ ቆራሌውንም ጥሩት።

በዚህ መሃል ታይዋን ገበያ ድርሽ እንዳትዪ። ቤት ማጽዳት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው የፕላስቲክ ሳጥንና መደርደሪያ ሊገዛ ነው። መደርደሪያው ራሱ ወለል ይይዛል፣ ባዶ መደርደሪያ ደግሞ ሰው አያስችለውም፣ ይሞላዋል። መጀመሪያ ይቀነስ። የቀረውን ካየሽ በኋላ የሚጎድል ካለ ያኔ ትገዢያለሽ።

ቡፌው ትልቁ ሥራ ነው። ክፈቺውና ሁሉንም አውጥተሽ አሰልፊው። ውስጡ ያለው በአብዛኛው «የእንግዳ» ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ የሠርግ ስጦታ የሆነ የሻይ ስኒ፣ ከነካርቶኑ ያለ የብርጭቆ ስብስብ፣ ማንም በልቶበት የማያውቅ ባለ አበባ ሰሃን። ራስሽን ጠይቂ፤ ቤትሽ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይበላል? ባለ አንድ መኝታ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ሞልቷል። ለአሥራ ሁለት ሰው የሚበቃውን፣ የሚያምረውን አስቀሪና ከዛሬ ጀምሮ ራሳችሁ ብሉበት። ከዚያ በላይ ሰው የሚመጣው ለቅሶ ወይም ድግስ ሲሆን ነው። ለለቅሶው እድር አለ፤ ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ሰሃንና ብርጭቆውም የተዋጣው ለዚያ ቀን ነው። ለድግሱ ጎረቤት አለ። ድሬ ላይ ከጎረቤት ሰሃን መዋስ የሚያሳፍር ሰው አላውቅም። እያንዳንዱ ቤት የስድሳ ሰው ዕቃ ለብቻው ማከማቸት አይጠበቅበትም። ቡፌው ከግማሽ በላይ ባዶ ሲሆን ያኔ በግማሹ የሚያንስ፣ ዝቅ ያለ፣ በር ያለው ሳጥን በቂ ይሆንሻል። ቴሌቪዥኑም እላዩ ላይ ይቀመጣል።

ውሃውን ግን አትንኪ። ፎቶው ላይ ጀሪካን የለም፤ ድሬ ላይ ግን ያለ ጀሪካን መኖር አይቻልም። የሚቻለው መሸሸግ ነው። ለአናጺ ንገሪና ወጥ ቤቱ ወይም በረንዳው ግድግዳ ሥር ክዳን ያለው ጠንካራ አግዳሚ ይሥራልሽ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ከማንሳት ከፊት በኩል መሳብ እንዲቻል ፊቱ በር ይሁን። ላዩ መቀመጫ ይሆናል። ከማሠራትሽ በፊት የራስሽን ጀሪካን ቁመት ለኪ፣ እጀታውን ጨምረሽ።

ውሃን ካነሳን፣ ጥቁሩን ቧንቧ ተይው። የድሬ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያሽን ውስጡን እዪው፤ ያ ነጭ ቅርፊት በጥቁር ቧንቧ ላይ በየጠብታው ይደርቅልሻል። በየቀኑ በአቼቶ ስታሺ ልትኖሪ ነው። ያለሽ ኒኬል ቧንቧ በሎሚ ግማሽ ታሽቶ በጨርቅ ሲወለወል እንደ አዲስ ያበራል፣ ነጩም ብዙ አይታይበትም። ጥቁርና ጥቁር ግራጫ የአቧራም ነገር እንዲሁ ነው፤ ድሬ ላይ ጠዋት ወልውለሽ ለምሳ ጣት ብታሳርፊበት መስመር ይወጣል። ቀለም ከመረጥሽ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ቀለም ምረጪ። ለሶፋ ልብስም፣ ለመጋረጃም፣ ለምንጣፍም። አቧራውን ይችላል፣ ለዓይንም አይከብድም።

ግድግዳው ነጭ ይሁን ብትዪ አልቃወምም፣ ግን የሚያንጸባርቅ ነጭ ሳይሆን ወደ ክሬም የሚያደላ። የድሬ ቀትር በድፍን ነጭ ላይ ሲያርፍ ዓይን ይወጋል። የአምስት ዓመት ልጅ ስላለሽ ደግሞ ቀለም ቀቢውን እስከ አንድ ሜትር ከፍታ በዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ በፕላስቲክ ቀለም ቀባልኝ በይው። ቀለሙ አንድ ዓይነት ይሁን። ከሩቅ አይለይም፣ የልጅሽን እጅ ግን በእርጥብ ጨርቅ ታጥቢዋለሽ።

መጋረጃው ይመለስ። ድርቡ ሳይሆን አንዱ ብቻ። ያ ዘርፍ ያለው ከፋይ ነገር አቧራ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም። ወፈር ያለ አቡጀዲ ግዢ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል አንድ ወጥ አድርገሽ አሰፊው፣ ያለ ጥለት። ርካሽ ነው፣ ታጥቦ ይመለሳል። ጠዋት መስኮቱን ክፈቺ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ መስኮቱንም መጋረጃውንም ዝጊ፤ አመሻሽ ላይ ነፋሱ ሲመጣ ሁሉንም ክፈቺ። የሚያስተጋባው ድምፅም አብሮ ይቀንሳል። ሳሎንሽ ያስተጋባው ጨርቁም ስፌቱም ሲነሳ ሴራሚክና ብሎኬት ብቻ ስለቀረ ነው።

የልጁ ዕቃ አንድ ክዳን ያለው ቅርጫት ይበቃዋል። የማይገባው አልጋው ሥር ይሂድ። ከቅርጫቱ በላይ እንዳይሆን ራሱ ይምረጥ፤ በዚህ ዕድሜ ልጆች ከምናስበው በላይ መምረጥ ይችላሉ።

አሁን አማትሽ። በስልክ አይሆንም፣ ሂጂ። ባለቤትሽም ይሂድ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ቡናና ስኳር ያዙ። ፋሽን ነው፣ ሚኒማሊስት ነው እያልሽ አታብራሪላቸው። እውነቱን ንገሪያቸው፤ ቤቱ ጠቦኝ፣ ማጽዳቱ ከብዶኝ አወረድኩት፣ ሳላማክርዎ ማድረጌ ግን ጥፋት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ከዚያ መጥተው ራሳቸው እንዲሰቅሉልሽ ለምኚያቸው። አንድ ግድግዳ ስጫቸው፣ አንድ ብቻ፤ ከበሩ ስትገቢ ፊት ለፊት የሚታየውን። በዚያ ግድግዳ ላይ ሌላ ምንም አይኑር፤ ሰዓትም፣ ካላንደርም፣ የሠርግ ፎቶም ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ። ቦታው ስንት እንደሚይዝ እሳቸው ያውቃሉ፤ ትልቁ የት፣ ትንሹ የት እንደሚሆንም ከአንቺ ይልቅ እሳቸው ያውቁበታል። የተረፈውን ለማን እንደሚሰጡት እሳቸው ይወስኑ። ምናልባት ለልጃቸው ልጅ ያስቀምጡት ይሆናል፣ ምናልባት ይዘውት ይመለሳሉ። አንቺ ግን አትስጪ፣ አትሽጪም። ካንቺ የሚጠበቀው በየሁለት ሳምንቱ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ነው። ውሃ አታስነኪው፣ አለላው ቀለሙን ይለቃል።

አንድ ግድግዳ ሲሞላ ሌሎቹ ሦስቱ ባዶ መሆናቸው ያኔ ያምርብሻል። የምትፈልጊው ዕረፍት ከዚያ ይመጣል።

ሶፋው የቀረው ነው። የባለቤትሽን ጥያቄ አቅልለሽ አትዪው። ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹ ለበርጫ የሚመጡ ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ሶፋ ላይ ተቀምጦ በርጫ የሚመቸው ሰው አላየሁም። ሁሉም ወርዶ ጀርባውን ለሶፋው ይሰጣል። ለእነሱ የሚሆነው መጅሊስ ነው፤ ግድግዳ ይዞ የሚሄድ ዝቅ ያለ ፍራሽና ትራስ። የጥጥ ልብስ ካለበሽው በሙቀት ከከፋይ ሶፋ ይሻላል፣ ዝቅ ያለ ስለሆነም ክፍሉ ከፍና ሰፋ ብሎ ይታያል። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣ ደግሞ ፍራሽ ልትለምኚ አትዞሪም። መጅሊሱ ማታ አልጋ ነው። ድሬ ላይ ቤት ያለው ሰው ቁልቢን ረስቶ ዕቃ መቀነስ አይችልም።

ሶፋውን ግን ሙሉ በሙሉ አትሽጪው። አማትሽ ወለል ላይ መቀመጥና መነሳት ሊከብዳቸው ይችላል፤ ሌላም ሽማግሌ ይመጣል። ኤል ሼፕ ሶፋ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ይፈታል፤ ከሥር አጎንብሰሽ ብሎኑን ፈልጊው። አጭሩን ክንፍ አስቀሪና የአሸዋ ቀለም ልብስ አሰፊለት፣ ረጅሙን ሽጪ፣ በእሱ ቦታ መጅሊሱ ይዘርጋ። ግራጫውን የምትገዢበት ገንዘብ ለፍራሹ፣ ለአቡጀዲውና ለአናጺው ይበቃ እንደሆነ መጀመሪያ ዋጋ ጠይቂ። ረጅሙን ክንፍ የሚገዛሽ ሰው ሲመጣ የብሎኑን ቀዳዳ አሳዪው፤ ሳይነግሩኝ ሸጡልኝ እንዳይልሽ።